ያለፈውን ዘመን ስለ መናፈቅ

«ድሮ ቀረ» የማይል ሽማግሌ የለም። አባቱም በዕድሜው መጨረሻ ይህንኑ ብሎ ነበር፤ አያቱም እንዲሁ። እያንዳንዱ ትውልድ መልካሙ ዘመን ከኋላው እንደ ቀረ ይናገራል፤ ተከትሎት የሚመጣው ትውልድ ደግሞ ያንኑ የተነቀፈውን ዘመን መልሶ ይናፍቀዋል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ያለፈውን መናፈቅ የልብ እውነት ነውን? ወይስ ሰው ራሱን በጣፋጭ ነገር የሚያታልልበት መንገድ ነው? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት በመጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ ከልጄ ጋራ በአንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነው።

የምኖረው በአሜሪካ አገር፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። አንድ ቅዳሜ ዕለት የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ በሜሪላንድ ግዛት ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሄድሁ። በዚያች ከተማ ዋና መንገድ ላይ አሮጌ ዕቃና ከረሜላ በአንድነት የሚሸጥበት ሱቅ አለ። በሩ ሲከፈት ከላዩ የተንጠለጠለች ትንሽ ደወል ትጮኻለች፤ የእንጨቱ ወለል ከእግር በታች ይንቋቋል፤ ያረጀ እንጨትና የስኳር ሽታ ተቀላቅሎ እንግዳውን ይቀበላል። በአንድ ወገን ፋኖስ፣ የከሰል ካውያ፣ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ እንዲሁም የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ የሠርግ ፎቶግራፍ ተደርድሯል። እነዚያ ሙሽሮች በዚያ በደስታቸው ቀን፣ ፎቶግራፋቸው አንድ ጊዜ ዋጋ ተለጥፎበት ለማያውቃቸው ሰው እንደሚሸጥ አላሰቡም። በሌላው ወገን ረጅም ባንኮኒ፣ በፊቱም ከፍ ከፍ ያሉ ክብ መቀመጫዎች፣ በላዩም ከረሜላ የሞላባቸው ትልልቅ ብልቃጦች አሉ። ከኋላ ካለው ክፍል ደግሞ ሳንቲም የሚጎርሱ የጨዋታ መኪናዎች ድምፅ ይሰማል።

የሱቁ ጌታ ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ያለፈ ትሑት አዛውንት ናቸው። ሱቁን ከአባታቸው ወርሰው እስከ ዛሬ ድረስ አቆይተውታል። ለልጄ በመጀመሪያ ያሳዩት ኔኮ የሚባለውን፣ እንደ ገንዘብ ክብና ስስ የሆነውን ጣፋጭ ነው። የዚህ ጣፋጭ ታሪክ የሚጀምረው በ1847 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በዚያ ዓመት ኦሊቨር ቼዝ የተባለ ሰው በቦስተን ከተማ የስኳር ሊጥ እየቈረጠ የሚያወጣ መኪና ሠራ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ጣፋጩን እንደ ጠመኔ ነው እያሉ የሚቀልዱበት በረከቱ። ሆኖም በ2018 ዓ.ም. ፋብሪካው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ ሰዎች እያከማቹ ለመግዛት ተሽቀዳደሙ። ፋብሪካው በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ጣፋጩን ግን ሌላ ኩባንያ በ2020 ዓ.ም. እንደ ገና ወደ ገበያ አወጣው። ሰው በእጁ ሳለ ያልፈለገውን ነገር ሊሄድበት ሲል ይወደዋል። የናፍቆት የመጀመሪያው ጠባይ ይህ ነው።

ከዚያም ወደ ጨዋታ መኪናዎቹ ገባን። ልጄ ከሁሉ አብልጦ የወደደው ፒንቦል የሚባለውን ነው። ይህ መኪና እንደ ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ሆኖ ላዩ በመስተዋት የተሸፈነ ነው። ሳንቲም ሲገባበት የብረት ኳስ ይወጣል፤ ተጫዋቹ ሞላ ያለበትን ዘንግ ስቦ ሲለቅቀው ኳሱ ወደ ላይ ይወረወርና ደወሉን እየመታ፣ መብራቱን እያበራ ይወርዳል። ኳሱን መልሰው የሚመቱት ትንንሽ እጆች የመጡት በ1947 ዓ.ም.፣ ጎትሊብ የተባለ የቺካጎ ኩባንያ ሐምፕቲ ደምፕቲ የተባለውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ኳሱን ከለቀቀ በኋላ የሚቻለው ነገር ጠረጴዛውን መነቅነቅና መመኘት ብቻ ነበር።

ልጄ መኪናው ነጥቡን እንዴት እንደሚቈጥር ጠየቀ። አዛውንቱም ቍልፍ አውጥተው ክዳኑን ከፈቱለት። በውስጡ ኮምፒዩተር የለም፤ የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች፣ ሞላዎችና ቍጥር የተጻፈባቸው ጎማ መሰል ክቦች አሉ። ኳሱ አንዱን ምልክት ሲነካ በሽቦው ኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ጥቅልሉ ማግኔት ይሆንና ብረቱን ይስባል፤ ብረቱም ክቡን አንድ ጥርስ ያዞረዋል። አዛውንቱ ይህን ሁሉ በገዛ እጃቸው ይጠግናሉ። «ዝገቱን ያላየ ሰው መኪናውን ማዳን አይችልም» ብለው ለልጄ ነገሩት። ይህ ቃል በኋላ ከምናገረው ነገር ጋራ ስለሚገናኝ አንባቢ ሆይ፣ በልብህ ያዘው።

እኔ በዚያ ቆሜ ሳይ ልቤ በናፍቆት ተነካ። ነገር ግን ወዲያው ራሴን ታዘብሁት። ያደግሁት በአዲስ አበባ ነው፤ ኔኮ የሚባለውን በልጅነቴ አልቀመስሁም፤ ፒንቦልም አልተጫወትሁም። የእኔ ልጅነት ደስታ ከረሜላና በሰፈራችን ጥግ ላይ የነበረው ጆተኒ ነው። ሰው የእርሱ ያልሆነውን ዘመን እንዴት ይናፍቃል? ነገሩን ሳስበው፣ የሚናፈቀው ዕቃው አለመሆኑን ተረዳሁ። የሚናፈቀው አንድ ሳንቲም ትልቅ ሀብት የሆነበት፣ ቀኑ የማያልቅ የሚመስልበት፣ ለነገ ማሰብ የሌላ ሰው ሥራ የነበረበት ጊዜ ነው። ከረሜላው የዚያ ጊዜ መልእክተኛ ብቻ ነው፤ መልእክተኛው ቋንቋው ቢለይም መልእክቱ አንድ ነው።

በ1688 ዓ.ም. ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። በጽሑፉም ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች የሚይዛቸውን ደዌ ገለጸ፤ መመለስና ሕመም የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞም ኖስታልጂያ ብሎ ሰየመው። መድኃኒቱም በሽተኛውን ወደ አገሩ መመለስ ነው አለ። በስደት የሚኖር ሁሉ ይህን ደዌ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ወደ አገር የሚመልስ መንገድ ይገኛል፤ ወደ ዘመን የሚመልስ መንገድ ግን የለም። አባቶቻችን «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ያሉት ስለዚህ ነው። ስለዚህም ያለፈውን ዘመን የሚናፍቅ ሰው፣ ወደዚያው መሄድ ስላልቻለ በሐሳቡ አዲስ ዘመን ይሠራል፤ በሚሠራውም ዘመን ውስጥ ያልወደደውን ነገር አያስገባም።

ለዚህም ምስክሩ ያው ፒንቦል ነው። ዛሬ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው «በእኛ ጊዜ የነበረው ንጹሕ ጨዋታ ይህ ነው» ይላሉ። በዚያ ዘመን የነበሩ ሹሞች ግን ንጹሕ አላሉትም። የኒውዮርክ ከተማ በ1942 ዓ.ም. ከቁማር ቈጥራ ከለከለችው፤ ከንቲባው ላጋርዲያም የልጆችን የምሳ ገንዘብ የሚበላ ሌባ ነው በማለት፣ የተያዙትን መኪናዎች በመዶሻ ሲሰባብሩ ፎቶግራፍ ተነሡ። ክልከላው የተነሣው በ1976 ዓ.ም. ሮጀር ሻርፕ የተባለ ሰው በከተማው ምክር ቤት ፊት ተጫውቶ፣ ጨዋታው የዕድል ብቻ ሳይሆን የችሎታም መሆኑን ካሳየ በኋላ ነው። እንግዲህ ትናንት ነውር የነበረው ዛሬ ንጹሕ ትዝታ ሆነ። ጊዜ ዕቃን ያስረጃል እንጂ አያነጻም፤ የሚያነጻው የእኛ ምኞት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነገር ነው። ከባዱ ነገር የመጣው ከጨዋታው በኋላ ነው። ልጄ ከረሜላውን ይዞ በባንኮኒው ፊት ካሉት መቀመጫዎች በአንዱ ላይ ተቀመጠ። አዛውንቱም ፊታቸው በርቶ «በእኔ ልጅነት ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማው ልጆች ሁሉ በነዚህ መቀመጫዎች ላይ ይሰበሰቡ ነበር» አሉ። ልጄም የዚህን አገር ታሪክ በትምህርት ቤት ተምሯልና፣ ያለ ክፋት ወደ እኔ ዞሮ «አባዬ፣ ያን ጊዜ ብሆን ኖሮ እኔም እዚህ እቀመጥ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ምን እንደምመልስለት አጣሁ። አዛውንቱ ግን ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ ነገሩን ለእኔ ሳይተዉ ራሳቸው መለሱለት። «አይ ልጄ፣ አትቀመጥም ነበር። የአንተን መልክ የመሰሉ ልጆች ከረሜላቸውን ገዝተው ወደ ውጭ ይወጡ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም» አሉት።

የተናገሩት እውነት ነው፤ የአንድ ሱቅ ታሪክም ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጀመሪያ ቀን አራት ጥቁር ተማሪዎች በሰሜን ካሮላይና በግሪንስቦሮ ከተማ፣ ዉልወርዝ በሚባለው መደብር የምግብ ባንኮኒ ፊት ተቀምጠው ቡና ጠየቁ፤ ተከለከሉ፤ አንነሣም አሉ። ባንኮኒው ለእነርሱ ዓይነቶች የተፈቀደው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ነው። በዚሁ በሜሪላንድም በባልቲሞር አጠገብ ጉዊን ኦክ የሚባል የመዝናኛ ስፍራ ነበር፤ ጥቁር ልጅ አይገባበትም። በ1963 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የልዩ ልዩ ሃይማኖት አገልጋዮች ሳይቀሩ ይህን በመቃወም ወደዚያ ሄደው ታሰሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን በሕዝብ ፊት ንግግር ባደረጉበት ዕለት፣ ስፍራው ለሁሉ ተከፈተ፤ አንዲት ዓመት ያልሞላት ጥቁር ሕፃንም በእንጨት ፈረሶች በሚዞረው መጫወቻ ላይ ተቀመጠች። ያ መጫወቻ በ1981 ዓ.ም. በዋሽንግተን በሙዚየሞቹ መካከል ወዳለው ሜዳ ተዛወረ። በዚያ ላይ የዞሩት ልጆች ከዚያች ሕፃን በፊት ስንቱ በአጥር ውጭ ቆሞ ሙዚቃውን እንደ ሰማ ማን ያስባል?

አዛውንቱን ልወቅሳቸው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን «አልጠየቅሁም» ያሉት ቃል ወደ ገዛ ልጅነቴ መለሰኝ። ስለ ደስታ ከረሜላ ለልጄ ብዙ ጊዜ አውርቼለታለሁ። ከረሜላውን ከሱቅ ገዝታ ታመጣልኝ የነበረችው ማን እንደ ሆነች ግን ነግሬው አላውቅም። በቤታችን የምታገለግል፣ ከእኔ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት የምትበልጥ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ነበረች። እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እርስዋ ውኃ ትቀዳ ነበር፤ ማታ እግሬን ታጥብ ነበር። ከረሜላውን ቈጥራ በእጄ ታስረክበኛለች፤ አንዱን እንኳ ስትቀምስ ያየሁ አይመስለኝም። ለምን ትምህርት ቤት እንደማትሄድ አልጠየቅሁም። ስምዋን አስታውሳለሁ፤ ወዴት እንደ ደረሰች ግን አላውቅም። በናፍቆቴ ውስጥ ጆተኒው አለ፤ የቡናው ጢስ አለ፤ ጎረቤቱ አለ፤ እርስዋ ግን የለችም።

እንግዲህ ያለፈውን መናፈቅ ክፉ ነውን? አይደለም። የአዛውንቱ የልጅነት ደስታ ሐሰት አልነበረም፤ የእኔም ከረሜላ በእውነት ይጣፍጥ ነበር። ደስታውን መካድ ሌላ ሐሰት መጨመር ነው። በደሉን የምናስታውሰውም ደስታውን ለማርከስ አይደለም፤ ደስታው ለምን ለሁሉ እንዳልደረሰ ለማወቅ ነው። ናፍቆት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዓይንን የሚጨፍን ነው፤ ይህኛው ያለፈውን ዘመን እንደ ብልቃጥ ከረሜላ አሽጎ ያስቀምጣል፤ ዛሬን በመናቅም ይጨርሳል። ሁለተኛው ክዳኑን የሚከፍት ነው፤ ይህኛው የሚወደውን መኪና ዝገቱን አይቶ፣ የተበላሸውን ለይቶ፣ ትናንት ላልተጫወተበት ልጅ እንዲሠራ አድርጎ ያስረክባል። አሮጌ ነገርን በእውነት የሚወድ ሰው የሚጠግን ሰው ነው፤ ሳያይ የሚጠግን ደግሞ የለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ «ድሮ ቀረ» ለማለት አፍህን በከፈትህ ጊዜ አንድ ጥያቄ አስቀድም፤ እኔ ተቀምጬ ስበላ የቆመው ማን ነበር ብለህ ጠይቅ። መልሱን ካገኘህ በኋላ ናፍቆትህ ጣዕሙ ይቀንስ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይጨምራል። የቆመውን ሰው ዛሬ ካገኘኸው መቀመጫ ስጠው፤ ካላገኘኸው ደግሞ ልጅህ በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ታሪኩን ሙሉ አድርገህ ንገረው።

እኔም በዚያ ቀን ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ልጄ «የአንተስ ሱቅ እንዴት ያለ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ከረሜላው ነገርሁት፤ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያችን ልጅ ስም ጠርቼ ስለ እርስዋ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ በእጁ የቀረውን ኔኮ ተመለከተና «ለእርስዋስ ማን ገዛላት?» አለኝ። እኔ በልጅነቴ ያልጠየቅሁትን እርሱ ጠየቀ።