ዳኛው የማን ዘመድ ነው?

ቋንቋችን በችሎት ለሚያስችለውና ፊሽካ ይዞ ሜዳ ላይ ለሚሮጠው ሰው አንድ ስም ሰጥቷል፤ ሁለቱም «ዳኛ» ናቸው። የችሎቱ ዳኛ የተከራካሪ ዘመድ ከሆነ ከጉዳዩ ይነሣል። መንዝ ውስጥ ለሰንበት ግጥሚያ ያለ ክፍያ የሚቆመው የኳስ ዳኛ ግን ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?

የመንዝ ሰው ከአንድ አቅኚ አባት በእናቱም በአባቱም ወገን ትውልድ እየቆጠረ ርስት ሲካፈል ኖሯል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ርስቱን ቢሽረውም ዝምድናውን አልሻረውም። ሁለት መንደር ሲጋጠም ዳኛው ለአንደኛው የአክስት ልጅ፣ ለሌላው አማች ቢሆን ምን ይደንቃል? ባዕድ እስኪመጣ እንጠብቅ ካልን ጨዋታ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ዘመድ ይዳኝ ወይ ሳይሆን ዘመድ እንዴት ይዳኝ ነው።

እኔ መልሱ ከዕውቀት ይጀምራል ባይ ነኝ። ቅን ሆኖ ሕግ የማያውቅ ሰው በተጠራጠረ ቁጥር ልቡን ይከተላል፤ ልብ ደግሞ ወደ ወገን ያደላል። የእግር ኳስን 17 ሕጎች ያጠና ግን ተጫዋቹ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን ባልደረባው ኳሷን ሲለቅ የት እንደነበረ ያያል። ከጨዋታ ውጪ ቦታ መቆም ብቻውን ጥፋት እንዳልሆነም ያውቃል። ይህን ለማየት ሮጦ መድረስ አለበት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት መሐል ሜዳ ከተማ ደግሞ ሩጫው ቀላል አይደለም። ሌላ መተዳደሪያ መያዝም ሰበብ አይሆንም፤ በ2007 ዓ.ም. በካናዳው የሴቶች የዓለም ዋንጫ የዳኘችው ሊዲያ ታፈሰ የፋርማሲ ባለሙያ ናት።

ያወቀስ ሰው አድልዎውን በሕግ ቋንቋ ሊሸፍን አይችልም? ይችላል። እዚህ ላይ የገና ጨዋታ ያስተምረናል። በቀድሞው ወግ ጌታ በሎሌው በማይቆጣበት በዚያ ቀን፣ ያለ ፊሽካና ያለ ካርድ ሩር ሲመታ የኖረው ደንቡ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለነበረ ነው። ዳኛው ብቻውን የሚያውቀው ሕግ ሥልጣን ይሆናል፤ ሁሉም ሲያውቀው ግን ዳኛውንም ይዳኛል። እንግዲህ ዘመድ የሆነ ዳኛ ከጨዋታው በፊት ሕጉን ለሁለቱም ወገን ያስተምር።

የአክስቱን ልጅ በቀይ ካርድ ያስወጣ ዳኛ ማታ በአክስቱ ቤት ጠላ ላይቀዳለት ይችላል። ይህን የማይችል ፊሽካውን አያንሣ። የቻለ ግን ዘመድ ሆኖ እውነት መፍረድ እንደሚቻል ለመንደሩ ልጆች በዐይናቸው ያሳያል፤ ነገ በዕድሩም በቀበሌውም የሚፈርዱት እነሱ ናቸው።