ማን ነገረብኝ?

ሚስቱን የደበደበ ሰው ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ ቀድሞ የሚያስበው ይሄን ነው። ከተማ ውስጥ መልሱ ሊጠፋው ይችላል፤ ጎረቤቱ ብዙ ነው። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ደዋ ጨፋ ወይም አርጡማ ፉርሲ ገጠር ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ትናንት ቤቱ የገባችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው ፕሮግራም ጉልበቱም ይሄው ነበር፤ በአንድ ቀበሌ ሁለት ያህል ሴቶች፣ እዚያው የሚኖሩ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚለው ካገቡ ሴቶች 34 በመቶው የባል ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የምትናገር ከተገኘች ስለ ልጇ ክትባት ልትጠይቃት ለመጣችው ሴት መናገሯ አይገርምም። ችግሩ፣ የሰማችውም ውሃ የምትቀዳው ከዚያው ምንጭ ነው።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የጠቋሚውን ስም የማያሳይ ቅጽ መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ስም መደበቅ የሚሠራው የሚደበቁበት ሕዝብ ሲኖር ነው። ከሁለት ሰው አንዷን መደበቅ የሚችል ሶፍትዌር የለም።

ስለዚህ «ሙያዋ አይደል እንዴ፣ ደፍራ ትናገር» የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። ድፍረት የሚጠይቃት ሰውዬ ማታ ከተማ ሄዶ ይተኛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ ይጠራዋል፤ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት አዋጅ ግን የለንም። ሰውየው በዋስ ከወጣ ወይም ሽማግሌ ካስታረቀው በማግስቱ መንገድ ላይ ያገኛታል። በዚያ ላይ በ2014 ጦርነት ከሚሴ ድረስ ገብቶ የወጣበት አገር ነው፤ ከበር ጀርባ ምን መሣሪያ እንዳለ ማን ያውቃል?

ዝም ትበል እያልኩ አይደለም። መስማት የእሷ ይሁን፣ ክስ ማስጀመሩ ግን ከወረዳ በመጣ ሌላ ሰው ይሁን። ፖሊስ በጉብኝቷ ማግስት አይሂድ። እሷም ስትመለስ ከባልደረባዋ ጋር አሥር ቤት አብራ ትጎብኝ፣ ያ ቤት ብቻውን እንዳይለይ።

ይሄም ዋጋ ያስከፍላል፣ የሚከፈለውም በሌላ ሴት ገላ ነው። ፖሊስ ሦስት ቀን ሲዘገይ ተደብዳቢዋ ሦስት ሌሊት እዚያ ቤት ታድራለች። መጠበቅ ትችል እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ውሳኔውም የእሷ መሆን አለበት እላለሁ። «ዛሬ ማታ ይገድለኛል» ካለች ፖሊስ ዛሬውኑ ይሂድ። ያኔ ግን ወረዳው ማደሪያ የሚያዘጋጀው ለሁለት ሴቶች ነው። ሠራተኛዋ ከፈለገችም፣ ደመወዟ ሳይቋረጥ ወደ ሌላ ቀበሌ ትዛወር።