ቤቱን ያዘለቀው ማን ነው?

የጎረቤቴ ልጅ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት በብብቷ ሸጉጣ መጣችና «ጋሼ፣ አንድ ገጽ ብቻ ወደ አማርኛ ይመልሱልኝ» አለችኝ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ጡረታ የለውም። የሰፈሬ ሰው ማመልከቻ ሲጽፍ፣ የሠርግ ጥሪ ሲያዘጋጅ፣ ለቀብር የሕይወት ታሪክ ሲያስነብብ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ስለዚህ አልተገረምኩም። የገረመኝ ጽሑፉ ለማን እንደሚነበብ ስትነግረኝ ነው። ለመምህራኗ አይደለም፤ ሆለታ ለሚኖሩት ለአያቷ ነው። አያት ቤታቸውን አፍርሰው ሊሠሩ ነው። ልጅቱ ደግሞ የመመረቂያ ሥራዋን የሠራችው በዚያው ቤት ላይ ነው። ቤቱ በብሎኬት ሳይሆን እንደገና በአፈር ቢሠራ ይሻላል ትላለች፤ ይህንኑ ለአያቷ ማስረዳት ፈልጋለች።

ተቀምጬ መተርጎም ጀመርኩ። ምሰሶው፣ ማገሩ፣ መሠረቱ፣ ጣራው አላስቸገሩኝም፤ ለቤት የሚሆን አማርኛ ሞልቶናል። አንድ ቃል ላይ ግን ብዕሬ ቆመ። እንግሊዝኛው «ሰስቴነብል» ይላል። እኛ «ዘላቂ» ብለን ተርጉመነዋል። «ዘላቂ ልማት»፣ «ዘላቂ ሰላም»፣ «ዘላቂ መፍትሔ» እያልን በየስብሰባ አዳራሹ ስላደከምነው ማንም «ምን ማለት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። አያት ግን ስብሰባ አይሄዱም። ለእሳቸው ዘለቀ ማለት ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ደረሰ ማለት ነው። እህሉ ክረምትን ይዘልቃል ይባላል፤ ትዳሯ አልዘለቀም ይባላል። «ዘላቂ የአፈር ቤት» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን መለስኩላት። ውስጤ ግን አልተረጋጋም።

ልጅቱ ምን እንደሠራች ልንገራችሁ፤ ሥራዋ የዋዛ አይደለምና። ሦስተኛ ዓመት ሳለች ለሕፃናት ማንበቢያ የሚሆን የቀርከሃ ዳስ ነድፋ ነበር። መነሻዋ ጋሞ ደጋ ላይ የሚሠራው የዶርዜ ቤት ነው። እንደ ቅርጫት የሚጎነጎን፣ ቁመቱ የሚያስደንቅ፣ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ራስ የሚመስል ቤት ነው። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ይቆርጡለታል፤ ቤቱ እንደ ሽማግሌ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ባለቤቱ ቦታ መለወጥ ቢፈልግ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ይወስድለታል። ልጅቱ ይህን ስታወራ ዓይኗ ይበራል። አራተኛ ዓመት ላይ የነደፈችው ጥቂት ሲሚንቶ ገብቶበት በማሽን ከተጠቀጠቀ አፈር የሚሠሩ የመኖሪያ ቤቶችን ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ልደታ በሚገኘው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር በተጠቀጠቀ አፈር ፎቅ ያለው የሙከራ ቤት ተሠርቶ ነበር።

ስለ ሲሚንቶ ስታስረዳኝ እኔም ተማርኩ። የኖራ ድንጋይ 1450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላል። እሳቱን ለማንደድ ከሚነደው ነዳጅ ጭስ ሌላ ድንጋዩ ራሱ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ እንዲያውም ትልቁ ድርሻ ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ዓለም በዓመት ከምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው በሲሚንቶ ሳቢያ የሚመጣ ነው። የአያቷ ግድግዳ የሚሆነው አፈር ግን ከዚያው ከጓሮ ይቆፈራል፤ ጭዱ ከጤፍ ነው። ወፍራም የአፈር ግድግዳ ቀን የሞቀውን ሌሊት ቀስ ብሎ ይሰጣል። የሆለታን ብርድ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በማግስቱ እሑድ አብሬያት ሄድኩ። «ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ይሰሙኛል» ብላ ነው የወሰደችኝ። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቤቱ አርባ ዓመት አልፎታል። የጓሮው ግድግዳ ከሥሩ በስብሶ ወደ ውጭ አዘንብሏል፤ በባሕር ዛፍ ደግፈውታል። የፊተኛው ግን በእበትና በአመድ ተለስኖ፣ በኖራ ተቀብቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ገንዘቡ ከየት እንደመጣም እዚያው ሰማሁ። ግማሹ የአያት የእቁብ ብር ነው። ግማሹን የላከችው የልጅቱ አክስት ናት። ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ቡናው ተፈላ። አነበብኩላቸው። አያት በጨዋነት፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ፣

«ዘላቂ ማለት?» አሉኝ።

«የሚቆይ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ማለት ነው እማማ።»

«ይሄ ቤት ዘላቂ ነው እያልከኝ ነው?»

«አርባ ዓመት ቆሟል እኮ!»

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጣቶቻቸው መገጣጠሚያው ላይ ተቋጥረዋል።

«ቤቱ አልዘለቀም ልጄ። ያዘለቅኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ዘረዘሩልን። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ አፈር ይቆፈራል። ውኃ ከወንዝ ይቀዳል። ጭድ ይለመናል፤ እበት ይለቀማል። ጭቃው በእግር ተረግጦ እስኪቦካ ቀናት ይቆያል፤ እንደገና ይረገጣል። የተሰነጠቀው ይመረጋል፤ የተመረገው ይለሰናል። «ያቺን ጅዳ ያለችውን ስምንት ወር አርግዣት ጭቃ ረግጫለሁ» አሉ። ባለቤታቸውስ? «እሱማ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ማገሩን አቆመ፤ ቆርቆሮውን መታ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የእኔ ሆነ።»

ይህን ያሉት በምሬት አልነበረም። የባሰው ያ ነው። የምሬት ንግግር ቢሆን መልስ አይጠፋውም ነበር።

«የአንተስ ቤት ከምንድነው ልጄ?» አሉኝ ቀጥለው።

«ብሎኬት ነው» አልኳቸው።

«እሰይ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በመልስ መንገድ ታክሲ ውስጥ ልጅቱ አልተናገረችም። ቡራዩ ስንደርስ ብቻ «ታዲያ ተሳስቻለሁ ማለት ነው?» አለችኝ። ወዲያው አልመለስኩላትም። ስለ ራሴ እያሰብኩ ነበር።

ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ገጠር ቤት ያልተናገርኩት የለም። ዝናብ የነካው የጭቃ ግድግዳ ሽታ፣ በማገሩ ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ፣ በልቦለዶቻችን ውስጥ ይህ ሁሉ ምን ያህል እንደሚያምር ለተማሪዎቼ ስተነትን ኖሬያለሁ። እናቴም የጭቃ ቤት ትለስን ነበር። እኔ ግን የማስታውሰው የልስኑን ሽታ ነው፤ የእጇን ሁኔታ ጠይቁኝ ብትሉ አላውቅም። አይቼው አላውቅም ማለት ይቀላል። ደመወዝ ስይዝ የመጀመሪያ ሥራዬ ደግሞ ሲሚንቶ መግዛት ነበር። ጭቃን የሚያወድሰው ከጭቃ የወጣ ሰው ነው ቢሉኝ መልስ የለኝም።

በዚህ ጥያቄ የተፈተንን እኛ ብቻ አይደለንም። ግብፃዊው የሥነ ሕንፃ ሰው ሐሰን ፋቲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ሉክሶር አጠገብ ለጉርና ሰዎች አዲስ መንደር ሊሠራ ተነሣ። ጡቡ ከጭቃ፣ ጣራው ባለ ቅስትና ባለ ጉልላት፣ ግንበኞቹ ጥበቡን ከአባቶቻቸው የወረሱ ኑቢያውያን ነበሩ። መንደሩን ያየ ሁሉ ያደንቀዋል። ችግሩ ብዙዎቹ የጉርና ሰዎች አልገባም ማለታቸው ነው። ኑሯቸው ከጥንቶቹ መቃብሮች ጋር የተሳሰረ ስለነበር ከዚያ መነሣት አልፈለጉም። ጉልላት ለመቃብር እንጂ ለቤት አይሆንም ያሉም ነበሩ ይባላል። ሥራው ሳያልቅ ቆመ። ፋቲ ለድኾች የሚሆን ሥነ ሕንፃ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ ዓለምን ዞረ። ድኾቹ ግን ከነበሩበት አልተነሡም።

የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በርሊን ገና ተማሪ ሳለ ለትውልድ መንደሩ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። መንደርተኛው መጀመሪያ አላመነውም። ጭቃ በዝናብ ሲፈርስ እያየ የኖረ ሕዝብ ነው፤ አውሮፓ የተላከው ልጃቸው ጭቃ ይዞላቸው ሲመለስ ምን ይበሉ? እሱ ግን ጭቃውን እንዳለ አልተወውም። ሸክላ አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ጠቅጥቆ ጡብ አደረገው። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ በላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለውና ሙቀቱ እንዲወጣ፣ ዝናቡም ከግድግዳው ርቆ እንዲፈስ አደረገ። የሠሩትም ራሳቸው መንደርተኞቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሙያው ከፍተኛ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። እኔን የሚስበኝ ሽልማቱ አይደለም። የመንደርተኛውን ጥርጣሬ እንደ አላዋቂነት አለመቁጠሩ ነው።

ወደ አያት ልመለስና፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚደርሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከአንድ ቶን በብዙ ያነሰ ነው፤ የዓለም አማካይ ከ4 ቶን ይበልጣል። ጅዳ ያለችው ልጅ ሌት ተቀን በማቀዝቀዣ በሚቀዘቅዝ የአርማታ ሕንፃ ውስጥ የሰው ወለል ስትወለውል ትውላለች። ምድርን የማዳኑ ቁጠባ ከእናቷ የጓሮ ግድግዳ የሚጀምረው በየትኛው ፍርድ ነው? ይህን ክርክር ለራሴ ስደጋግመው ግን በጣም ተመቸኝ፤ ስለተመቸኝም ጠረጠርኩት። እንዲህ ካልን የሚጀምር የለም። ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ከጭቃ ወደ ብሎኬት ልግባ ቢል ያንን ሲሚንቶ ከየት እናመጣለን? በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ሲነካ ስንቱ ግድግዳ ግማሽ ላይ ቆሞ እንደቀረ አይተናል። ብሎኬትም ቢሆን ሳይለሰን ከቀረ ዝናብ ያስገባል፤ ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። የእኔን ቤት ሚስቴን ጠይቁ።

ስለዚህ ልጅቱ ስለ አፈሩ አልተሳሳተችም። የተሳሳተችው በሒሳቡ ነው። ወረቀቷ ላይ ሁሉም ነገር ተዘርዝሯል። ስንት ኪዩብ ድንጋይ፣ ስንት እንጨት፣ ስንት ኪሎ ምስማር፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚተርፍ ሳይቀር ተጽፏል። የመስከረም ጭቃ ግን የለም። ማን እንደሚረግጠው፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ በየትኛው ወገብ እንደሚሠራ አልተጻፈም። ያልተጻፈው ደግሞ ዋጋ ስለሌለው አይደለም፤ ከፋዩዋ ደረሰኝ ጠይቃ ስለማታውቅ ነው። ይህን ነገርኳት። ተቆጣች መሰለኝ፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ጥቅል ይዛ ተመለሰች። የድንጋዩ መሠረት ከመሬት በላይ እስከ ወገብ ድረስ ከፍ ብሏል፤ ውኃ ከሥር እንዳይበላው ነው። የጣራው ክፈፍ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ውኃ የሚነካው የማድ ቤቱና የመታጠቢያው ግድግዳ ብሎኬት ሆኗል። «ተሸነፍሽ?» ብላት «እዚያ ላይ አያቴ ልክ ናቸው» አለች። የቀረው ግድግዳ ጭቃ ተመርጎበት የሚሠራ መሆኑ ቀርቶ በተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ ይገነባል፤ በየዓመቱ መለሰን አያስፈልገውም። በየጥቂት ዓመቱ ግን ልስኑ መታየት አለበት። ከሁሉም የገረመኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። «ጥገና» የሚል ሠንጠረዥ ነው፤ ዓመቱ፣ ሥራው፣ የሚፈጀው ቀን፣ ሠሪው። በሠሪው አምድ ከላይ እስከ ታች የራሷን ስም ጽፋለች።

እንደገና ሆለታ ሄድን፤ እንደገና አነበብኩ። «ዘላቂ» የሚለውን ቃል በዚህኛው ጽሑፍ አላስገባሁትም። አያት ሠንጠረዡ ጋ ስደርስ የልጅ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና፣

«ስታገቢስ?» አሏት።

«ባሌን ይዤ እመጣለሁ።»

«የከተማ ወንድ ጭቃ ሲረግጥ ሳላይማ አልሞትም!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። መስማማት ይሁን አይሁን አልታወቀኝም።

ማታ ከጅዳ ስልክ ተደወለ። አያት ድምፁን ከፍ አድርገው ሁላችንም እንድንሰማ አደረጉ። አክስት ወሬውን ከማን እንደሰማችው እንጃ፣ ሁሉንም ታውቀዋለች። «ብሩን ሰጥቻለሁ፤ የእማዬ ነው፣ በፈለገችው ትሥራው» አለች። ትንሽ ዝም ብላ «እኔ የምለው፣ መጥቼ እጇ ላይ ጭቃ እንዳላይ ነው» ብላ ጨመረች። ልጅቱ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ የመጨረሻውን ገጽ ታያለች። አያት «እሺ እሺ፣ ሒሳብ ይቆጥርብሻል» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ግድግዳው ገና አልተወሰነም። መሠረቱ ግን ለብሎኬቱም ለአፈሩም ያው ድንጋይ ነው ተብሎ ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያው መኪና ድንጋይ ገብቷል። እኔም እዚያ ነበርኩ። አያት ነጠላቸውን አደግድገው ከሹፌሩ ጋር ይከራከሩ ነበር። «ይሄ ሙሉ ነው ትላለህ? ውጣና ከላይ እየው!» ይላሉ። ልጅቱ ደግሞ በሜትሯ ክምሩን ዙሪያውን እየለካች ቁጥሩን ጮክ ብላ ትነግራቸዋለች።