የለመደ ከንፈር

«የለመደ ልማድ፣ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላል ያገራችን ሰው። አርስቶትል ግን ልማድን የመልካም ጠባይ እናት ያደርጋታል፤ ክራር በመምታት ክራር መቺ እንደሚኮን ሁሉ ደግ በመሥራት ደግ ይኮናል ባይ ነው። የቱን እንመን? ክራሩን ትተን ወደ ሳክስፎን እንምጣ፤ ነገሩ የደረሰብን በሱ ነውና።

አልቶ ስንነፋ ቆይተን ቴነር የያዝን ጊዜ የምንማረው ነገር ያለ አልመሰለንም። አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብት ያወጣላቸው እነዚህ መሣሪያዎች መጠናቸው ይለያይ እንጂ የጣት አያያዛቸው አንድ ነው። ጣታችን አላፈረም። ከንፈራችን አሳፈረን እንጂ! ላይኛው ድምፅ ቀጥኖ ከልኩ ከፍ ይላል፤ ታችኛው ጭራሽ እምቢ ብሎ ሽቅብ ይዘላል። የቴነሩ ማውዝፒስ ሰፊ፣ የሸምበቆዋ ሪድም ትልቅ ናት፤ ለመርገብገብ ቦታ ትሻለች። በአልቶ ልክ ከታች በመንጋጋ ስንነክሳት ትታፈናለች። ማውዝፒሱን ትንሽ ጠለቅ አድርጎ መጉረስ፣ መንጋጋን ማላላት፣ በከንፈር ግራና ቀኝ ጠርዝ መያዝ፣ ጉሮሮን «ኦ» እንደሚል ሰው መክፈት፣ እጅ እንደሚያሞቁበት ያለ ሰፊ ትንፋሽ መላክ ነው የሚሻለው። መለኪያም አለው፤ ማውዝፒሱ ብቻውን ሲነፋ የአልቶው የፒያኖውን ላ፣ የቴነሩ ሶል፣ የባሪቶኑ ሬ አካባቢ ይሰጣል። እኛ የቴነሩን ነፍተን ላ አወጣን።

ታዲያ ይህ ምኑ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው? ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሪዷን ወቀስን፤ ቀጥሎ መሣሪያውን። ለካ አጠገባችን ያለው ትራምፔት ነፊ ጓደኛችን ምንም ሳይናገር የመሣሪያውን ቱቦ እየገፋ ወደኛ ስሕተት ይጠጋልን ኖሯል። ልማዱ የኛ፣ ዋጋው የሱ! በላባችን ያገኘነው ነው ብለን የምንከራከርለትን ነገር ዕዳውን ሌላ ሰው የሚከፍልልን ከሆነ፣ የኛ ነው ለማለት ምን መብት አለን?

«መሣሪያ በተለወጠ ቁጥር የሚላላ ከንፈር ምን ጽናት አለው?» የሚል ከመካከላችን አለ። ክርክሩን አንንቀውም፤ ወደ ነፈሰበት የሚያዘነብል ሰው እናውቃለን። ግን አልቶው ያስተማረን ምን ነበር? መጥበቅን ነው ወይስ ጆሮን ሰምቶ መታዘዝን? አርስቶትል ራሱ፣ ለትግል ገጣሚው ለሚሎ የሚያንስ ምግብ ለጀማሪው ይበዛል ይላል፤ ልኩ እንደየሰው ነዋ! መጥበቁም የአልቶ ልክ ነበር እንጂ ትምህርቱ አልነበረም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ቴነር ሲያመጣ ያመጣው ወኔውን ነው፤ የሸላዩን ጉሮሮ አይደለም።

ችግሩ ትምህርቱንና ልኩን ከውስጥ ሆኖ መለየቱ ላይ ነው። የሚነክስ መንጋጋ መንከሱን አያውቅም፤ ጠንክሮ የያዘ ይመስለዋል። ለከንፈርስ ፒያኖ አለለት። ለሐሳባችን ፒያኖው ማነው? እዚህ ላይ አልተስማማንም። ገሚሳችን ጓደኛ ነው አልን። እሺ፣ ጓደኛ ዝም ብሎ ቱቦውን ሲገፋስ? ዝምታው ደግነት ነበር ወይስ በደል? ሄደን ጠየቅነው። ሳቀና «መች ትሰሙ ነበር!» አለን።