ተጠያቂው የሄደው ነው ወይስ የሸኘው?



ሐዋሳ በሚገኘው ባህል አዳራሽ ስለ ትምህርት በተካሄደ አንድ ስብሰባ ላይ ከታዳሚው መካከል አንድ አባት ተነሥተው «ልጆቻችን በድሃው ግብር ተምረው ዶክተር ከሆኑ በኋላ አገር ጥለው ይሄዳሉ። ይህ አማና መብላት አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ጥያቄው ከመሐል የተጀመረ ሆኖ ታየኝ።

ለመሆኑ አማናውን ቀድሞ የበላው ማን ነው? ወጣቱ ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ የሚጠብቀው ከጥዋት እስከ ማታ ማስተማር ነው። ለምርምር የሚያስፈልገው ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ወረፋው ረጅም ነው። መሣሪያው ከተበላሸ ጠጋኝ የለም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ብቸኝነት ነው፤ ሥራውን አይቶ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚለው ሰው እንኳ ያጣል።

ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም ይህንኑ ቀምሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ከካምብሪጅ ወደ ላሆር ተመልሰው ሲያስተምሩ ከሙያ ጓደኞቻቸው ተነጥለው ቀሩ፤ በ1954 ተመልሰው ሄዱ። የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1979 ነው። ለእኔ ከሽልማቱ የሚበልጠው ግን በ1964 በጣሊያኗ ትሪየስት ከተማ ያቋቋሙት ማዕከል ነው፤ የድሃ አገር ተመራማሪ ለጥቂት ወራት እዚያ ሠርቶ፣ ዕውቀቱን አድሶ፣ ወደ አገሩ እንዲመለስ። ስደተኛውን ከመውቀስ ይልቅ የሚሰደድበትን ምክንያት ለመቀነስ ሠሩ ማለት ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ዕውቀቶች መድበዋቸዋል። ፈርድ ኪፋያ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን ወንጀሉ የሁሉም ነው። ታዲያ ግዴታው የጋራ ከሆነ ወጪው የልጁ ብቻ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? እርግጥ ነው፣ በሕዝብ ገንዘብ ተምሮ ሕዝቡን የናቀም አለ፤ እሱን አልሟገትለትም።

ከስብሰባው በኋላ ያነጋገርኩት አንድ ነጋዴ ደግሞ «ድሃ እየተራበ ለላብራቶሪ ገንዘብ?» አለኝ። ይህኛው ከበድ ያለ ጥያቄ ነው። መልሴ እንዶድ ነው። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፍ ነው፤ በሽታው በሐዋሳ ሐይቅ ዳርም ይታወቃል፤ የሚይዘውም ውኃ ውስጥ የሚገባውን ዓሣ አጥማጅና ሕፃን እንጂ ባለ መኪናውን አይደለም። ግኝቱ በአፍሪካ ላብራቶሪ በመሠራቱ ለረጅም ዓመታት በጥርጣሬ ሲታይ ኖረ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተሸለሙበት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ቢልሃርዝያ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ቆሞ አልጠበቀም።

ዘካው የድሃው ሐቅ ነው፤ አልነካውም። የማወራው ስለ ሰደቃና ስለ ወቅፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ስዊድን ውስጥ የተቋቋመ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ለድሃ አገር ጀማሪ ተመራማሪ ይሰጥ የነበረው እስከ 12,000 ዶላር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ አሥር የሐዋሳ ነጋዴዎች ተሰባስበው ማዋጣት ያቅታቸዋል ወይ? ነጋዴውን ይህንኑ ጠየቅኩት፤ «እስቲ ልጁን አሳየኝ» አለኝ።