ለአንተ ብቻ

በ1998 ዓ.ም. እኛ ቤት ሁለት ኮምፒውተር ነበረ። ለጉራ አይደለም የምናገረው። አንደኛው ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ነው፤ ሁለተኛው ልጄ «ለማትሪክ ጥናት ያስፈልገኛል» ብሎ ነዝንዞ ያስገዛኝ ነው። የስልክ መስመራችን ግን አንድ፣ የኢሜይል አድራሻችንም አንድ ነበር። እንደኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ዳገት ሥር የምትኖሩ የዚያን ጊዜውን ኢንተርኔት አትረሱትም። ሞደሙ እየተንጫጫ ይደውላል፣ የቤቱ ስልክ ይያዛል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ መስመሩ እልም ይላል። ስለዚህ ሰው ማታ አንዴ ይገባና ደብዳቤውን አውርዶ፣ መስመሩን ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ ያነባል።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ባለሙያዎቹ ፖፕ በሚሉት አሠራር፣ ቀድሞ የደወለው ኮምፒውተር ደብዳቤውን ከማዕከሉ ጠርጎ ወደ ራሱ ሆድ ያስገባዋል። «ቅጂውን እዚያው ተው» ተብሎ ካልታዘዘ በቀር ለሁለተኛው የሚተርፍ የለም። የልጄ ማሽን ከቀደመ የኔ ባዶ፣ የኔ ከቀደመ የሱ ባዶ። አይማፕ የሚባለው፣ ደብዳቤው ከነፎልደሩ ማዕከሉ ላይ እንዳለ ከየትም የሚነበብበት ዘዴ አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተፈጠረ ያኔ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ እኛ ቤት ግን አልደረሰም።

ልጄ ታዲያ ብልሃት አመጣ። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በገመድ አገናኘና፣ አውትሉክ ደብዳቤዎቹን የሚያከማችበትን ፋይል የኔ ማሽን ላይ አስቀምጦ ፎልደሩን ሼር አደረገው። «አባዬ፣ አሁን ከሁለቱም ማየት ይቻላል። ግን እኩል አንከፍተውም፤ በየተራ ነው» አለኝ። ነገሩ ትንሽ አደጋም ነበረው፤ ሠሪው ማይክሮሶፍት ራሱ ፋይሉን በኔትወርክ ላይ መጠቀም አይመከርም ይል ነበር፤ ግንኙነቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሊበላሽ ይችላልና። እኔ ግን የፈራሁት ፋይሉ እንዳይበላሽ ብቻ ነው። እንዲያውም ኮራሁ። በአንድ ትሪ ከሚበላ ቤተሰብ በአንድ ፎልደር ማንበብ ምን ይገርማል?

ዋሽንግተን የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። አንድ ማታ ረጅም ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ትምህርቷን አቋርጣለች። ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ትቀበላለች። ለእናታችን ዓይን ማሳከሚያ የላከችው ዶላር ደግሞ ከክሬዲት ካርድ የተበደረችው ነው፤ ወለዱ እያሳደዳት ነው። መጨረሻው ላይ «ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት። ለአንተ ብቻ ነው» ብላለች። እናታችን እኔው ቤት ናት የምትኖረው።

ልጄ ቀድሞኝ አንብቦት ኖሯል። እኔ ስከፍተው ግን ርእሱ ደምቆ፣ ማንም ያልነካው መስሎ ነበር የጠበቀኝ። ለካ አንብቦ ሲጨርስ «ያልተነበበ» ብሎ ወደ ነበረበት መልሶታል። ይቺን ነገር እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ማንበቡ ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ሰው መልሶ አያደምቀውም።

ለአያቱ ትንፍሽ አላለም። ልጁ ጨዋ ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር ለአክስቱ ሁለት መስመር መጻፍ ነው፦ «አክስቴ፣ ያልኩሽን ጫማ ተዪው። አሁን አያስፈልገኝም።» የጎዳትም ይኸው ደግነቱ ነው። ለወራት ስለዚያ ጫማ ሲጽፍላት የኖረ ልጅ በአንድ ሌሊት ምን አጠገበው? በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ ደብዳቤዬን ማን ማን ነው የሚያነበው?»

«ምን ችግር አለው? ቤተሰብ ነው እኮ!» አልኳት።

ዝም አለች። ለደቂቃ የሚከፈልበት የውጭ ስልክ ላይ ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከዚያ «እኔ ለቤተሰብ አልጻፍኩም። ለአንተ ነው የጻፍኩት» ብላ ዘጋችው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ደብዳቤ ድሮም የሁሉም ነበር ብዬ ተከራከርኩ፤ ከራሴ ጋር ማለት ነው። አጼ ምኒልክ ፖስታን በአዋጅ ካቋቋሙበት ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ፣ በመጀመሪያዎቹ ማኅተሞች ላይ ይቺው የኛ እንጦጦ ስሟ ተቀርጾ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ፣ ስንቱ ሰው ነው ደብዳቤውን ራሱ ያነበበ? ፖስታው በመሥሪያ ቤት ወይ በዘመድ ሣጥን በኩል፣ «ይድረስ ለእገሌ፣ በእገሌ በኩል» ተብሎ ይመጣል። ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ይጠራል። ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይነበባል። እኔ ራሴ በልጅነቴ የሰፈሩ አንባቢ ነበርኩ። የስንቱን ቤት ጉድ በዚህ አፌ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ!

ግን አንብቤ ነበር እንዴ? ቆም ብዬ ሳስበው ጉድ የሚባል ነገር በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ አልነበረም። «እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም» ነው። ከዚያ የሰላምታ ጋጋታ፣ ለእገሌ፣ ለእገሊት። ጸሐፊው ደብዳቤው በማን አፍ እንደሚነበብና ማን ማን ከብቦ እንደሚሰማው ያውቃል። ልኩን አውቆ ይጽፋል፤ ምስጢሩን ለሚመለስ ሰው በቃል ይልካል። እህቴ ግን ማን ከብቦኝ እንደተቀመጠ አላወቀችም። ፎልደሩ ሼር ሲደረግ እኔ ተጠይቄያለሁ፣ ልጄ ተስማምቷል፣ ሚስቴ «ጥሩ ነው» ብላለች። ያልተጠየቀችው ጸሐፊዋ ናት።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ጋ ሾላ ሻይ ስንጠጣ ነገሩን አነሳሁበት። ሕገ መንግሥቱን ይጠቅስልኛል ብዬ ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነቱ አይደፈርም ይላል፤ የ1923ቱም ቢሆን የደብዳቤን ምስጢር ረስቶት አልነበረም። እሱ ግን በ1952 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 31 አነሳልኝ። ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን ለሌላ መግለጥ አይችልም ይላል፤ ለፍርድ ቤት የሚያቀርብበት ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር። ደነገጥኩ። እኔኮ ወረቀቱ እጄ ከገባ የኔ ነው ባይ ነበርኩ። አደራ ተቀባይ እንጂ ባለቤት አይደለሁም ለካ።

የልጄን ነገር ግን በቀላሉ መፍረድ አልችልም። «ክፍት ነበር፤ የኔም ፎልደር ነው» አለኝ፤ ልክ ነው። የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ደግሞ ያ ደብዳቤ ባይነበብ ኖሮ ያ ልጅ ዕዳ ውስጥ ከገባች ሴት ጫማ እየለመነ ይቀጥል ነበር። ይኼም ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ በየፓስወርዱ ተቆልፎ የሚኖርበትን ቤትም አልወደውም፤ ሰው ሲታመም ወይ ሲሞት ቤተሰቡ የቱ ጋ ምን እንዳለ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ቢያንስ «ይኼን አድራሻ የምናነበው ሦስት ነን» ብዬ ለምጽፍላቸው ሰዎች መናገር ያቅተኝ ነበር? አንድ መስመር ናት። እሷን አልጻፍኩም።

ፎልደሩን ለያየነው። ለልጄ የራሱ አድራሻ ተከፈተለት። እህቴ መጻፏን አልተወችም፤ ደብዳቤዋ ግን «ለተከበራችሁ ቤተሰቦቼ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ሆነ። ዕዳዋን እንዴት እንደከፈለች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ያ ልጄ ዛሬ እሱም ባሕር ማዶ ነው። በቴሌግራም ነው የምንገናኘው። አንዳንድ ማታ አንዲት አጭር መልእክት ትመጣለች፦ «አባዬ፣ ብቻህን ነህ?» ብቻዬን እንደሆንኩ ከመመለሴ በፊት ተነስቼ ሳሎን እሄድና፣ የእህቱ ላፕቶፕ ላይ ተከፍቶ የቀረውን ቴሌግራሜን እዘጋለሁ።