«ለጊዜው ነው»

የአሜሪካ ፈቃድ ያለው የኮሙኒኬሽን ሳተላይት ከተመደበለት ቦታ ወጥቶ ለጊዜው ልሥራ ካለ፣ ኤፍሲሲ የተባለውን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ አለበት። 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ማን ያየዋል? ትሉ ይሆናል። ግን በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ ሳተላይቶች ሲጠጋጉ ሲግናላቸው ይደበላለቃል፤ ምድር ላይ ያለው ዲሽ ይቸገራል።

ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ግዴታ አለበት፦ ማንንም አትረብሽ፤ ሌላው ቢረብሽህም ጥበቃ አትጠይቅ። ጭካኔ ይመስላል። ለእኔ ግን ፍትሕ ነው። ከቦታዬ የወጣሁት እኔ ከሆንኩ፣ ጣጣውን መሸከም ያለብኝ እኔ ነኝ እንጂ ቦታውን ጠብቆ የተቀመጠው ጎረቤቴ አይደለም።

እኛ ዴቨሎፐሮች «ለጊዜው ነው» ብለን የጻፍነው ኮድ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እናውቃለን። ይሄ ፈቃድ ግን ማብቂያ ቀን አለው። «ማንንም አልጎዳም» ማለት ቀላል ነው፤ መጎዳቱን የሚያውቀው ግን ጎረቤት ነው። ማስፈቀድ ማለትም እሱን ቀድሞ መስማት ነው።